በኮባ ቅጠል የተመረጠ ሞኒተር

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የማላውቀው ፊት ካለ፣ ያ ሰው ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው፣ ወይ ፎቶ መነሳት የማይወድ ነው። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ሠርጉንም፣ ምርቃቱንም፣ የመዘምራኑንም ፕሮግራም ያነሱና ፋይሉን በቴሌግራም ይልኩልኛል። እኔ ደግሞ በሬን ገርበብ አድርጌ ብጉር አጠፋለሁ፣ የደፈረሰ ዓይን አጠራለሁ፣ ጥርስ አነጣለሁ። ሰውን ስክሪን ላይ አጉልታችሁ ስታዩት እናቱ የማታውቀውን ታውቁበታላችሁ። የቱ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ የትኛው ጆሮው ከየትኛው ዝቅ እንደሚል፣ ሲስቅ የትኛውን ጥርሱን በከንፈሩ እንደሚሸፍን አውቃለሁ።

ችግሩ ትውውቁ የአንድ ወገን መሆኑ ነው። አንድ ቀን ጎፈር ሜዳ ላይ ከአንድ ሠርግ ሚዜ ጋር ተገናኘን። ሳምንት ሙሉ አፍጥጬበት ስለሰነበትኩ የልብ ወዳጅ ያገኘሁ መሰለኝና «እንዴት ነህ፣ ያቺ የተቦረቦረች ጥርስህ ተነቀለች?» አልኩት። ሰውየው አፉን በእጁ ይዞ ወደ ኋላው ሸሸ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሰው ሁሉ እንደማላውቀው ሆኜ ማለፍ ለመድኩ። የከተማውን ሰው በሙሉ እያወቁ አንድም ሰው «እንዴት ዋልክ?» ሳይል ወደ ቤት መግባት ምን እንደሚመስል የሚገባው የባንክ ጥበቃ ብቻ ይመስለኛል።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከዩቲዩብ ነው የለቀምኩት። አስተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሕንዶች ናቸው፤ እነሱም አያውቁኝም። ሱቄ አንድ ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ። ከግድግዳው ባሻገር ትዕግስት የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አባቷ ከጎንደር ተመድበው የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ከከተማው ሕዝብ ጋር ስታወራ ትውላለች፤ እኔ በግድግዳው በኩል አዳምጣለሁ። በዚህ መልክ እኔም ማኅበራዊ ኑሮ ነበረኝ ማለት ይቻላል።

ጋሽ ላምቤቦ የመጡት አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ላይ ነው። በከዘራቸው በሩን መታ መታ አድርገው፣ ገቡና፣ መጋረጃውን ሰላም አሉት። እኔ ከመጋረጃው በስተግራ ነበርኩ።

«እዚህ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«አየሁህ፣ አየሁህ» አሉ ወደ እኔ እየዞሩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱራሜ ገበያ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ገብተው ሲደላደሉ እዚህ ፎቅ ሠሩላቸው። ፎቁ ውስጥ የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ታችኛው ላይ እተኛለሁ፤ ላይኛውን ወጥቼ አላየሁትም፤ አለ ይላሉ» አሉኝ አንድ ቀን። ለደንበኛ ብዬ የገዛኋት ወንበር ነበረች፤ ደንበኞቼ ሁሉ በስልክ ስለሚመጡ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲቀመጥባት የኖረው ጃኬቴ ነው። ጃኬቴን አነሳሁላቸው። ተቀመጡና ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ።

ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ወጣት ሴት በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆማለች። ኮሌታው ሰፋ ያለ፣ ከወገቡ በታች ሽንሽን የሆነ ቀሚስ ለብሳለች።

«ባለቤቴ ናት፤ ዘነበች። የዳምቦያ አገር ልጅ።»

«እግዚአብሔር ያጽናናዎት።»

«አጽናንቶኛል፤ ቆይቷል። ቀሚሱን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ፎቶ ቤቱ የሚያነሳው በጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ቀለሙን አድርግልኝ።»

«ምን ዓይነት ቀለም ነበር?»

ጣታቸውን በፎቶው ጠርዝ ላይ አመላለሱ። ልብስ ሰፊ ቀለም ሲጠየቅ የሚቸገር አልመሰለኝም ነበር። «ድንች ሲያብብ አይተሃል?» አሉኝ በመጨረሻ። «ዶዮገና ማሳ ላይ፣ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሳ። እሱን ነው የሚመስለው።»

«ወይን ጠጅ ነው?»

«አይደለም።»

«ሮዝስ?»

«ሮዝ ሕፃን ነው የሚለብሰው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ዋናውን ነገር ነገሩኝ። «ከጨርቁ ቁራጭ እንኳ አልቀረም። እሷ የለችም። ጨርቁን የሸጠልን ነጋዴም የለም። ልጆቹ አያስታውሱትም። ያንን ቀለም የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እኔም ሰሞኑን ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልገው እያመለጠኝ ነው። ሳይጠፋብኝ አውጣልኝ።»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም። የእኔ ደንበኞች «አቅላኝ»፣ «አቅጥነኝ»፣ «ከኋላ የቆመውን ሰውዬ አጥፋልኝ» የሚሉ ናቸው። አንድ የጠፋ ነገር ካለበት ፈልገህ አምጣ ያለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ቀለም አሳየኋቸው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት።

«ቆሽሿል» አሉ። «ቢጫ ገብቶበታል። ይሄ ታጥቦ ያልተለቀለቀ ልብስ ነው።»

አስተካከልኩ። በሚቀጥለው ቀን ከምሳ በኋላ መጡ። «አሁንም ቢጫ ነው።» በሚቀጥለውም መጡ። «ሳሙናውን ጨምርበት።» እንዲህ እያለ የጋሽ ላምቤቦ መምጣት እንደ መብራት መሄድ የታወቀ ሰዓት ያለው ነገር ሆነ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የቀረውን ጊዜ ያወራሉ። ስለ ጨርቅ፣ ስለ ዱራሜ ገበያ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ልኬት ሲወሰድ ሆዳቸውን ስለሚያስገቡ ሰዎች ያወራሉ። እኔ እሰማለሁ። ሲሄዱ ክፍሏ ከመምጣታቸው በፊት ከነበረው ይልቅ ጸጥ ትላለች።

እንግዲህ እኔ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዕቃ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር ስለምውል ይሆናል። ስክሪኔ ከተዘጋ የኢንተርኔት ካፌ የተገዛ አሮጌ ነበር። ቀኝ ጥጉ አረንጓዴ ይላል። እዚያ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የታመመ ስለሚመስል ሙሽሮችን ወደ መሃል እየጎተትኩ ነበር የምሠራው። ይህ ስክሪን የዘነበችን ቀሚስ ቢያቆሽሽ ምን ይገርማል? ስለዚህ ለፎቶ ሥራ የሚሆን፣ ቀለምን እንዳለ የሚያሳይ ሞኒተር ልገዛ ቆረጥኩ።

እኔ ደግሞ ልግዛ ብዬ ዝም ብዬ የምገዛ ሰው አይደለሁም። ካልሲ ለመግዛት እንኳ ግምገማ አነባለሁ። ስለ ሞኒተር ያላየሁት ቪዲዮ አልቀረም። ሁሉም በመጨረሻ የሚሉት አንድ ነው፦ ስክሪን ይዋሻል፤ ውሸቱን የሚያጋልጥ፣ ስክሪኑ ላይ እንደ አልቅት ተጣብቆ ቀለሙን የሚለካ መሣሪያ ግዙ። ያንን መሣሪያ ሆሳዕና ውስጥ ብጠይቅ አንዱ ባለሱቅ የደም ግፊት መለኪያ አወጣልኝ።

መሣሪያው ከሌለ ምን ይደረጋል? ቀለሙን አብጠርጥሬ የማውቀውን ነገር ይዤ ልሂድ አልኩ። ነገሩ ሲታሰብ በጣም ብልህ ነበር፤ ብዙ ሞኝነት ሲታሰብ ብልህ ነው። ጠዋት ከአከራዬ ጓሮ አንድ ለጋ የኮባ ቅጠል ቆረጥኩ። ከመቁረጤ በፊት ፎቶ አነሳሁት፤ ፎቶውን በፍላሽ ያዝኩ። ለነጭ ደግሞ ትንሽ የቡላ ዱቄት በላስቲክ ቋጠርኩ፤ ከንጹሕ ቡላ የበለጠ ነጭ ነገር እዚህ አገር የለም። አዲስ አበባ ገብቼ ፎቶውን በየስክሪኑ እከፍታለሁ፣ ቅጠሉን አጠገቡ እይዛለሁ፣ ያልዋሸውን እገዛለሁ። ሕንዶቹ ይህን ቢሰሙ ቪዲዮ ይሠሩበት ነበር።

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ቅቤ ይዘው የሚሄዱ እናት ተቀመጡ። ጭኔ ላይ ያለውን ቅጠል ብዙ መንገድ በዝምታ ሲያዩት ቆዩና አልቻሉም።

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ቆጮ ልትቀብር ነው?»

«አይ እማማ፣ ሞኒተር ልገዛበት ነው።»

«በኮባ ይሰጡሃል?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ቀለም እውነተኛነት እየተናገርኩ ሳለ ቅቤያቸውን ወደ ሌላኛው ጎናቸው አዛወሩት። ቡታጅራን ስናልፍ ፀሐይዋ በእኔ በኩል ነበረች፤ መስኮቱ አይከፈትም። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ቅጠሉ ጭኔ ላይ ነው፣ እውነት በእጄ ነው።

መገናኛ፣ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሕንፃ በር ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ። መጀመሪያ ያገኘው ቡላውን ነው።

«ይሄ ነጭ ዱቄት ምንድነው?»

«ነጭ ነው» አልኩት። ሐሳቤ ሁሉ ቀለም ላይ ስለነበር ነው።

«ነጭነቱን አየሁት። ምንድነው ነው የምልህ?»

«ቡላ ነው። ስክሪን ልፈትንበት ነው።»

ፈታሹ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ስትወጣ ትወስደዋለህ» ብሎ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። ቅጠሉን አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ። ያ ሰውዬ ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ ከሁለቱ ምስክሮቼ ሐቀኛውን በር ላይ አስቀርቶ ሐሰተኛውን ይዤ እንድገባ ፈቀደልኝ።

ሻጩ ፀጉሩን የተቀባ፣ ፈጣን ወጣት ነው።

«ለፎቶ ኤዲቲንግ የሚሆን፣ ቀለሙ ትክክለኛ የሆነ ሞኒተር ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ሁሉም ከለር ነው ወንድሜ። ጥቁርና ነጭ ድሮ ቀረ።»

«ማለቴ፣ የቀለም ሽፋኑ መቶ ፐርሰንት የሚሞላ።»

«መቶ ፐርሰንት ኦሪጅናል ነው።»

«ፓነሉ አይፒኤስ ነው?»

«የአንድ ዓመት ዋስትና አለው።»

በዚህ መንገድ እንደማንደርስ ሲገባኝ ቅጠሉን አወጣሁ። ፍላሹን ሰክቼ የመጀመሪያው ሞኒተር ላይ ፎቶውን ከፈትኩ። በጣም የሚያምር፣ ስሙ የገነነ ሞኒተር ነው። ቅጠሉን አጠገቡ ያዝኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ይጮኻል፤ በእጄ ያለው እንዲያ አይደለም።

«ይሄ ያጋንናል» አልኩ።

ሁለተኛውም አጋነነ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከአጎራባች ሱቆች ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። አንዱ «መድኃኒት አዋቂ ነው?» ሲል ሰማሁት። የሱቁን ሞኒተሮች አንድ በአንድ በውሸታምነት ፈርጄ ጨረስኩና ልወጣ ስል ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ አንድ አየሁ። ይከፈትልኝ አልኩ። ተከፈተ። ቅጠሉን አስጠጋሁ። ቁርጥ ራሱን።

«እውነተኛው ይሄ ነው» አልኩት።

«እሱን እኮ ሰዎች ለጥበቃ ካሜራ ነው የሚወስዱት» አለ ሻጩ፣ በአዘኔታ እያየኝ። ያን ጊዜ አድናቆት መስሎኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ወርቅ ታቅፈው ተኝተዋል ብዬ፣ ሻጩ ሐሳቡን ሳይቀይር ገዝቼ ወጣሁ። ቡላውን ረሳሁት።

ሞኒተሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ተመለስኩ። ያን ሳምንት በአዲሱ ስክሪን አንድ ትልቅ ሠርግ ሠርቼ ጨረስኩ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ትንሽ ቢጫ ስለሚል ቢጫውን እያጠብኩ፣ ሰማያዊ እየጨመርኩ፣ በደስታ ሠራሁ። አልበሙ ታትሞ መጣ። የሙሽራው ወንድም ይዞት ወደ ሱቄ ገባ፤ አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶታል።

«ሠርጉ እኮ በሚያዝያ ነበር» አለኝ። «ለምንድነው ሁላችንም የበረደን?»

ትዕግስት ድምፅ ሰምታ መጣች። አልበሙን ገለጠች። «የሙሽራው አባት ከወንዝ የወጡ ይመስላሉ» አለች። ገጹን ገልብጣ «ኬኩም በርዶታል» አለች።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አዲስ ቅጠል ቆርጬ መጣሁና ስክሪኑ አጠገብ ያዝኩት። በእጄ ያለው ይጮኻል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ጠውልጓል። ያን ጊዜ ገባኝ። የተቆረጠ ኮባ ፀሐይ ሲመታው እንደሚጠወልግ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል፣ በግ እንኳ ያውቃል። እኔ የጠወለገ ቅጠል ይዤ፣ ጤነኛውን ሞኒተር ሁሉ ውሸታም ብዬ፣ ከቅጠሌ ጋር አብሮ የጠወለገውን መርጬ መጣሁ። ለትዕግስት ነገርኳት። መሳቋን ሳትጨርስ ደንበኛ መጣባት፤ ለደንበኛውም ነገረችው። ያን ዕለት በግድግዳው በኩል ታሪኬን ደጋግሜ ሰማሁት፤ በተነገረ ቁጥር ቅጠሉ እየሰፋ ሄደ።

ደግነቱ ሞኒተር ከሰው ይልቅ ይታረማል። ጎኑ ላይ ባሉት ቁልፎች፣ ጠዋት ጠዋት ለጋ ቅጠልና አዲስ ቡላ እያስጠጋሁ፣ ቢጫውን ቀስ በቀስ አወጣሁለት። አልበሙን እንደገና በራሴ ኪሣራ አሳተምኩ። አከራዬ «የእንሰቴን ጓሮ ለምን ተራ በተራ እንደምትገፈው ብትነግረኝ» እስኪሉኝ ድረስ ታገልኩ። በመጨረሻ ስክሪኑ ሐቀኛ ሆነ። ኮራሁ። ጋሽ ላምቤቦ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው መጡ። የዘነበችን ፎቶ ከፈትኩላቸው። ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ።

«ቢጫ ነው» አሉ።

በሕይወቴ ደንበኛ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላደረግኩም፤ ግን ማውሱን ጠንከር አድርጌ አስቀመጥኩት። ሰማያዊ ጨመርኩ። «ይሻላል።» ጨመርኩ። «ቀርበናል።» ጨመርኩ። እኔ ሳየው ሴትዮዋ ቀሚስ ሳይሆን የስክሪብቶ ቀለም ለብሳለች፤ እሳቸው «ትንሽ ይቀረዋል» ይላሉ። ፋይሉን በየጊዜው ለየብቻ እያስቀመጥኩ ሄድኩ። የኔ ነገር፣ የሠራሁትን አልጥልም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ዶዮገና ሄድኩ። ከአንድ ገበሬ ማሳ አስፈቅጄ የድንች አበባ ከነአገዳው ቀጠፍኩ። ሰውየው ምን ልታደርግበት ነው ሲለኝ «ቀሚስ ልለካበት» አልኩት፤ ማስረዳት ትቻለሁ። ከኮባው ተምሬ አበባውን የተቆረጠ የውሃ ኮዳ ውስጥ ነክሬ፣ በጃኬቴ ጋርጄ፣ ከፀሐይ በተቃራኒ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጣሁ። እንደ ቀጠፍኩት ገባ። ስክሪኑ አጠገብ አስቀምጬ የቀሚሱን ቀለም ከአበባው ጋር አንድ እስኪሆን አስተካከልኩ። ጋሽ ላምቤቦ ሲመጡ ምንም ሳልል አበባውን በእጃቸው ሰጠኋቸው።

ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ይሄ የቆየ አበባ ነው» አሉ። «ቢጫ ሆኗል።»

«ዛሬ ጠዋት ነው የተቀጠፈው ጋሼ።»

«ሸውደውሃል።»

«ማን ይሸውደኛል? ራሴ ነኝ የቀጠፍኩት።»

«እንግዲያው ስታመጣው ፀሐይ መታው።»

ትዕግስት መቀስ ልትዋስ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች። አበባውን ከእጃቸው ወስዳ አየችው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፍንትው ያለ ነው፤ ሽታው እንኳ አልጠፋም» አለች። ከዚያ አበባውን ትታ እሳቸውን ማየት ጀመረች። ዝቅ አለች። «ዓይንዎ ላይ ያለው ምንድነው?»

«እርጅና ነው ልጄ።»

«እርጅና ነጭ ነው እንዴ? የዓይን ሞራ ነው ይሄ። አባቴን ይዞት ነበር፤ የእናቴን ሻሽ ሁሉ ቡናማ ነው ይል ነበር።»

እኔ ተነስቼ አየሁ። እውነቷን ነው። በሁለቱም ዓይን ብሌን ላይ እንደ ደፈረሰ ብርጭቆ ያለ ነገር አለ። የሰው ቆዳ ላይ የተረሳች ነጠብጣብ የማታመልጠኝ ሰው፣ ከእነዚያ ዓይኖች በክንድ ርቀት ተቀምጬ ስንትና ስንት ከሰዓት በኋላ አሳልፌ አላየሁም። ፎቶአቸውን ቢልኩልኝ ኖሮ በአንድ ደቂቃ አየው ነበር።

ቀላል የሚሆን መሰለን። አልሆነም። ትዕግስት ሐኪም ቤት ሞራ እንደሚያነሱ፣ አባቷም ተነስቶላቸው እንደ ዳኑ ስትነግራቸው ጋሽ ላምቤቦ ከዘራቸውን ጨበጡ።

«እንዴት ነው የሚያነሱት?»

«የደፈረሰውን አውጥተው በቦታው ንጹሕ ሌንስ ያስገባሉ።»

«አልፈልግም።»

«አያምም ጋሼ።»

«ሕመም አይደለም።» ወደ ዘነበች ፎቶ ዞሩ። «እሷን ያየኋት በዚህ ነው። እሱን አውጥተው ሲጥሉት የቀረችኝን ጥቂት ይዞብኝ ቢሄድስ? አሁንም በጭላንጭል ነው ያለችው።»

ትዕግስት አበባውን ወደ ኮዳው መለሰችው። እኔ ደግሞ መናገር የምችለው ስለማውቀው ነገር ብቻ ነው። ስለማውቀው ነገር ተናገርኩ። «ጋሼ፣ እኔ በቅርቡ ስክሪን ቀይሬያለሁ» አልኳቸው። «አሮጌውን አወጣሁት፣ አዲስ አስገባሁ። የዘነበች ፎቶ ግን አልተነካም። ፎቶው ስክሪኑ ውስጥ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስክሪኑ ማሳያ ብቻ ነው።»

«ሌላ ቦታ» አሉ።

«አዎ። ውስጥ።»

ያን ቀን ሳያወሩ ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ የእህታቸው ልጅ ከዱራሜ መጥቶ ሐኪም ቤት ይዟቸው እንደሄደ ትዕግስት ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በደንብ አላወራም፤ የሚወራ ነገር የለባቸውም። ምሳ እበላለሁ፤ ከምሳ በኋላ ከዘራ የሚመስል ድምፅ ሁሉ ቀና ያደርገኛል፤ ባጃጅ ነው፤ ጀሪካን ነው። ጃኬቴን ወንበሯ ላይ አላደረግኩም። አንዳንዴ የዘነበችን ፎቶ እከፍትና ሥራ እንዳለኝ ሰው እቀመጣለሁ። እስቲ አስቡት፤ በመጨረሻ እውነተኛ ቀለም የሚያሳይ ስክሪን አለኝ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ግን የለም። ደግሞ ፍርሃትም ነበረኝ። የተናገርኩት ነገር ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለ ሞኒተር እንጂ ስለ ዓይን ምን አውቃለሁ? በኮባ ቅጠል ሞኒተር የመረጠ ሰው በምክሩ የሰው ሚስት ቢያጠፋስ?

መጡ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ከዘራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። መጋረጃውን ሰላም አላሉም። ቀጥታ ወደ ወንበራቸው ሄደው ተቀመጡና «ክፈታት» አሉኝ።

በእሳቸው ትእዛዝ የተሠራችውን የመጨረሻዋን ከፈትኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

«እኔ?» ሳቅ እየያዛቸው ነው። «ይሄ እኮ የፖሊስ ልብስ ነው። ሚስቴን ወታደር ቤት አስገብቼልሃለሁ።»

ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመና ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁ። «የድሮዎቹ አሉ?»

አሉ፤ ሁሉንም በሰማያዊያቸው መጠን ደርድሬ ነው ያስቀመጥኳቸው። የመጨረሻዋን ዘጋሁ፣ ከእሷ በፊት ያለችውን ከፈትኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ከፈትኩ። «ወደ ኋላ።» ሰማያዊው እያነሰ፣ ቀሚሱ እየሳሳ፣ ወደ ኋላ ሄድን። ከአበባው ጋር ያስተካከልኳት ላይ ስደርስ እጃቸው ክንዴን ያዘኝ።

ውጪ አንድ ሰው ትዕግስትን ሁለቱንም ገጽ ኮፒ አድርጊልኝ ይላል። ጋሽ ላምቤቦ በጣታቸው ስክሪኑን ሊነኩ ሞክረው መለሱት። «ቀላ አድርጋት፤ ጥቂት» አሉ። አደረግኩ። «ጥቂት።» አደረግኩ። «ተው። እንዳትነካት።»

ተውኩ። እኔም እንዳልተነፍስ ያዘዙኝ ይመስል ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሐኪሙ እንዳያሹት ብሏቸው ኖሮ፣ እንደ ሕፃን ከጥፋታቸው መለስ ብለው ዳር ዳሩን ብቻ ጠረጉ። ሲጨርሱ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አሁንም አዩኝ።

«አንተ… ልጅ ነህ እንዴ?»

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው ጋሼ።»

«እኔ እኮ ድምፅህን ስሰማ፣ ዝምታህን ሳይ፣ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው ብዬ…» ተናደዱ። «ስለ ልጅ አስተዳደግ ያን ሁሉ ስመክርህ የከረምኩት ለማን ነው? ትልቁን ከትንሹ አታበላልጥ ስልህ ለምን እሺ ጋሼ አልከኝ?»

«ምክሩ ጥሩ ነበር።»

«ሚስትህንም ሰላም በልልኝ ብዬሃለሁ።»

«ብለውኛል።»

«እና?»

«ደስ ይለኝ ነበር» አልኩ።

ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ መጋረጃውን፣ ከመጋረጃው ሥር የሚታየውን የአልጋ እግር፣ አንዷን ስኒ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። «እንግዲህ ሥራው አለቀ ማለት ነው» አሉ። ከዘራቸውን ከብብታቸው አውጥተው ያዙ። «ታትሞ ሲደርስ በእህቴ ልጅ በኩል ትልክልኛለህ።»

እኔ በቀለም ነገር ዋሽቼ አላውቅም። ያልጨረስኩትን ጨረስኩ ብዬ አላውቅም፤ የጨረስኩትን አልጨረስኩም ብዬም አላውቅም ነበር።

«አላለቀም» አልኳቸው። «ጫፉ ላይ፣ ቅምቅማቱ ጋ ቀለሙ ትንሽ ሾልኳል። ማስተካከል አለብኝ። ነገ መጥተው ቢያዩት።»

ጋሽ ላምቤቦ ጎንበስ አሉ። በአዲሶቹ ዓይኖቻቸው የቀሚሱን ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ስፌት በስፌት ተከትለው እስከ መጨረሻው ሄዱ። ቅምቅማቱን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቀለሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የሾለከ ነገር የለም። ቀና አሉ።

«አዎ» አሉ። «ሾልኳል። ነገ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ።»